ማዕዘኑ ላይ ያለው 13 ምን ይላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ደብዳቤዎች ሳይነጋገሩ አንድ ጉዳይ ይዘው መጥተዋል፤ ድራማ፣ ፊልምና ስልክ ወደ ቤት ይዘውት የሚገቡት የፍቅርና የገላ ነገር። የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ከተማቸውን ብቻ አስቀርተናል። ረዣዥሞቹንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ በአማርኛ ድምፅ የተተካ የቱርክ ድራማ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያያል። የ13 ዓመት ሴትና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። መሳሳም ሲመጣ አባታቸው ሪሞቱን አንሥቶ ጣቢያ ይቀይራል፣ ልጆቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ልክ ነን? ሌላም አለኝ፦ ያንኑ ድራማ በቱርክኛው ዩቲዩብ ላይ ስናየው ማዕዘኑ ላይ 13 የሚል ምልክት አለው። ምን ማለት ነው? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከምልክቱ እንጀምር። የቱርክ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ተቆጣጣሪ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጣቢያዎች የዕድሜና የይዘት ምልክት እንዲያሳዩ ሲያደርግ ቆይቷል። የዕድሜዎቹ ዋና ዋናዎች ለሁሉም፣ 7፣ 13 እና 18 ናቸው። ከቁጥሩ ጎን ትንንሽ ሥዕሎች ይቆማሉ፦ አንዱ ግፍና አስፈሪ ነገር አለ ይላል፣ አንዱ ወሲብ ነክ ነገር አለ ይላል፣ ሌላው ለልጅ መጥፎ አርአያ የሚሆን ድርጊት አለ ይላል። ስለዚህ 13ን ብቻ አይቶ «መሳሳም አለበት» ማለት አይቻልም፤ ቁጥሩን ያመጣው ሽጉጡ ሊሆን ይችላል። ድምፁ ተቀይሮ በሌላ አገር ሲተላለፍ ምልክቱ አብሮ ላይመጣ ይችላልና፣ የቱርክኛውን መነሻ ከፍተው ሥዕሉን ማየትዎ ጥሩ ዘዴ ነው።

ወደ ሪሞቱ እንምጣ። ጣቢያ መቀየር በራሱ ጥፋት የለበትም። ሪሞቱ መቼ እንደሚነሣና መቼ ዝም እንደሚባል ግን ልብ ይበሉ። በነዚህ ድራማዎች የተለመደ አካሄድ አለ፤ ባለጸጋው ወጣት ልጅቷን እጇን ጨምድዶ መኪና ውስጥ ይከታታል፣ ቤት ዘግቶባት ይሄዳል፣ እሷ ለብዙ ክፍል ታለቅሳለች፣ ኋላ ትወደዋለች። እስከዚህ ድረስ መሳሳም ስለሌለ ሪሞት የሚነካ የለም። ከብዙ ክፍል በኋላ ሁለቱ ተፈቃቅደው ሲሳሳሙ ጣቢያው ይቀየራል። የ9 ዓመቱ ልጅ ከዚህ የሚማረው መጎተቱ ደህና፣ መፈቃቀዱ ግን ነውር መሆኑን ነው። ጠለፋ ደግሞ እኛ አገር የድራማ ነገር ብቻ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከማድረጉም ሌላ፣ ኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ተጠያቂነትን እንደማያስቀር ደንግጓል። ድራማው ሕጋችን የጣለውን እያሽሞነሞነ መልሶ ሳሎን ያስገባዋል።

ለልጁ ሰዓቱን መለየት ይሻላል። ድራማው ሳይጀምር እራቱን በልቶ ይተኛ፤ መሃል ላይ ማባረር ማጓጓት ነው። ሳይታሰብ ትዕይንቱ ከመጣ ወደ ሪሞቱ አትሩጡ። አባትየው በተለመደ ድምፁ «ይሄ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ወሬውን ይቀጥል፤ ልጁ ዘንድ ከምስሉ ይልቅ የእናንተ ድንጋጤ ነው የሚቀረው። መጎተቱ ሲመጣ ግን አንድ ጥያቄ ጣሉ፦ «ልጅቷ እሺ ብላለች?» ከዚያ አትለፉ፣ ስብከት ሲሆን ልጅ ጆሮውን ይዘጋል። ከልጅቷ ጋር የሚደረገው ጨዋታ አባትና ወንድም ባሉበት አይሆንም። ሽንኩርት እየላጣችሁ ወይም ገበያ እየሄዳችሁ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ቢሆን ይቀላል። እርስዎ ካፈሩ አክስቷ ታውራት።

ጥያቄ፦ ፊልምና ተከታታይ ድራማ በፍላሽና በሚሞሪ እጭናለሁ። ሕፃናት ብር ይዘው «ካርቱን ጫንልኝ» እያሉ ይመጣሉ። በቅርቡ አንድ አባት «ልጄ ያስጫነው ካርቱን ውስጥ እርቃን አለ» ብለው ሱቄ ድረስ መጥተው ተቆጡ። ሁሉን ፊልም ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። ምን ይሻለኛል? (ወጣት፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አባትየው ልክ ናቸው። ሥዕል የሆነ ሁሉ የልጅ ነው የሚለው ልማድ ነው ያሳሳተህ። ጃፓን ውስጥ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ለየዕድሜው ይሠራል፤ የአገሪቱ ፊልም መዳቢ ጂ፣ ፒጂ 12፣ አር 15 እና አር 18 የሚሉትን እርከኖች ለሥዕሉም ለተዋናዩም እኩል ይሰጣል። በአሜሪካ ቴሌቪዥንም ቲቪ ኤምኤ የተባሉ፣ ከ17 ዓመት በታች ላሉ የማይሆኑ ካርቱኖች ሞልተዋል።

ሳታይ ለማጣራት ርዕሱን አይኤምዲቢ በተባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ ፈልግና «ፓረንትስ ጋይድ» የሚለውን ክፈት። ወሲብና እርቃን፣ ግፍና ደም፣ ስድብ፣ መጠጥና ዕፅ፣ አስፈሪ ትዕይንት ተብሎ በአምስት ተከፍሎ ታገኘዋለህ። እያንዳንዱ የለም፣ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ተብሎ ተመዝኗል። የሚሞሉት ተመልካቾች ስለሆኑ ጥቂት ሰው ብቻ ድምፅ የሰጠበትን አትመን። የደረጃ ፊደሎቹንም ልመድ። በአሜሪካው ጂ ለሁሉም ነው፤ ፒጂ ወላጅ ይምረጥ ይላል፤ ፒጂ 13 ከ13 በታች ላለ ጥብቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አር ከ17 በታች የሆነን ያለ ወላጅ ሲኒማ አያስገባም፤ ኤንሲ 17 ከነወላጁም አያስገባም። በህንዱ ዩ ለሁሉም፣ ዩኤ በወላጅ ምክር፣ ኤ ለአዋቂ ነው።

ብዙ ጫኚዎች የሚወድቁበት ወጥመድ የፋይሉ ስም ላይ ነው። ስሙ ውስጥ «አንሬትድ» የሚል ካየህ፣ ፊደሉ የተሰጠው ሲኒማ ለገባው ቅጂ ነው፣ የያዝከው ግን መዳቢዎቹ ያላዩት ትዕይንት የተጨመረበት ነው ማለት ነው። «ኤክስቴንድድ» የሚለውንም በጥርጣሬ እየው። ፒጂ 13 ብለህ የጫንከው እንዲህ ነው አር ሆኖ የሚገኘው። በተከታታይ ድራማም የመጀመሪያውን ክፍል አይቶ ሙሉውን መፍረድ አያዋጣም፣ ደረጃው ከክፍል ክፍል ይለያያል።

የልጆቹን በተለየ ሃርድ ዲስክ አድርግ። በአንድ ዲስክ ላይ ሁለት ፎልደር ማድረግ አይበቃም፤ ግርግር ሲሆን «ሁሉንም ምረጥ» ብለህ ኮፒ ታደርጋለህ፣ ልጁም ጎንህ ቆሞ የጎረቤቱን ፎልደር ምስል እያየ ነው። ስክሪኑን ወዳንተ አዙር። ከደንበኛ ፍላሽ ወደ ኮምፒውተርህ ምንም አታስገባ፤ ቫይረሱም ያላወቅከው ቪዲዮም በዚያው ነው የሚመጣው። ከ13 በታች የሆነ ልጅ ከዕድሜው በላይ የሆነ ከጠየቀ «ታላቅህን ላክ» በቂ መልስ ነው። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 640 ጸያፍ ምስል ማሰራጨትን፣ አንቀጽ 644 ደግሞ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ማሳየትና መስጠትን ይመለከታል።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ 12ኛ ክፍል ነኝ። የፍቅር ፊልም ሳይ ቤተሰብ «ገና ልጅ ነህ» ይለኛል፤ ጓደኞቼ ደግሞ 18+ ያላየ ገና አልበሰለም ይላሉ። ማን ነው ልክ? (ተማሪ፣ ከአንኮበር)

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሩን ከሚገባው በላይ አክብረውታል። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ከ1934 እስከ 1968 (እ.ኤ.አ.) ሄይስ ኮድ በሚባል የምግባር መመሪያ ይገዙ ነበር፤ በዕድሜ መመደብ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1968 መመሪያው ቀርቶ ምደባው ተጀመረ፤ የመጨረሻው እርከን ኤክስ ነበር። ያኔ ኤክስ ማለት የብልግና ፊልም ማለት አልነበረም፤ በ1969 ወጥቶ ኤክስ የተሰጠው አንድ ፊልም የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር ወስዷል። ነገር ግን መዳቢው ማኅበር ኤክስን በንግድ ምልክትነት አላስመዘገበውም ነበር። የብልግና ፊልም ሠሪዎች ፊደሉን በራሳቸው ሥልጣን እየለጠፉ፣ አንዱ ሲያንሳቸው ሦስት እየደረደሩ ገበያ ማሟሟቂያ አደረጉት። ማኅበሩ በ1990 ኤክስን ትቶ የተመዘገበውን ኤንሲ 17 ለመተካት ተገደደ። ማስጠንቀቂያው ማስታወቂያ የሆነው እንዲህ ነው፤ ጓደኞችህም የሚያነቡልህ ማስታወቂያውን ነው።

ፊደሉ ምን ያህል ጎዶሎ መለኪያ እንደሆነ ደግሞ እይ። በአሜሪካው አሠራር አንድ ፊልም ከባዱን ወሲብ ነክ ስድብ አንዴ ብቻ ካሰማ ፒጂ 13 ሊበቃው ይችላል፣ ከአንዴ ካለፈ በአብዛኛው አር ነው። አንድ መሳሳም የሌለበት የጦርነት ፊልም በወታደሮቹ አፍ ብቻ አር ሊሆን ይችላል። መዳቢው የሚቆጥረው የሚታየውንና የሚሰማውን ነው፤ ፊልሙ ስለ ሰው ምን እንደሚያስብ አይነግርህም። እሱን አንተው መዝነው። ሁለቱም ሰዎች የየራሳቸው ፍላጎት አላቸው ወይስ አንዷ ዕቃ ናት? በማግሥቱ የሚመጣው ይታያል? እርግዝናው፣ ጸጸቱ፣ ኃላፊነቱ? ትዕይንቱ ተቆርጦ ቢወጣ ታሪኩ ይጎድላል ወይስ ማንም ልብ አይለውም? ማንም ልብ የማይለው ከሆነ ለሽያጭ የገባ ነው። የብልግና ቪዲዮው እዚህ ሚዛን ላይ ጭራሽ አይቀመጥም፤ ተከፍሏቸው የሚሠሩ ሰዎች የረዥም ሰዓት ቀረጻ ተቆራርጦ የተሰፋ ነውና፣ ስለ ፍቅርም ስለ ገላም ትምህርት አድርገህ አትውሰደው። ቤተሰብህ ደግሞ ፍቅር ያለበትን ፊልም ሁሉ ከዚያ ጋር አንድ ላይ ከጨፈለቁብህ፣ አንዱን ደህና ፊልም ምረጥና ከታላቅ እህትህ ወይም ከወንድምህ ጋር ተቀምጠህ እየው። ብቻህን ከማየት ይልቅ ይህ ነው አስተያየታቸውን የሚለውጠው።

ጥያቄ፦ ሪሲቨሩን በኮድ ዘግቼው ነበር፣ ልጆቹ ከፈቱት። እንዴት? (አባት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ የፋብሪካውን ኮድ ሳይቀይሩ ትተውት ይሆናል። ብዙ ሪሲቨር 0000 ወይም 1234 ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ልጆች ደግሞ ይህን ከእኛ በፊት ያውቃሉ። ሜኑ፣ ከዚያ ሲስተም ወይም ሴቲንግ፣ ከዚያ «ፓረንታል ሎክ» ገብተው አዲስ ኮድ ይስጡ፤ የልደት ዓመት አይሁን። እዚያው ያለውን «ሜኑ ሎክ» አብረው ያብሩ፣ አለበለዚያ «ፋክተሪ ሪሴት» ብለው የእርስዎን ኮድ ያጠፉታል። ሌላው ቀዳዳ ሰርች ነው፤ እንደገና ሲፈለግ የዘጉት ጣቢያ በሌላ ቁጥር ሳይዘጋ ሊገባ ይችላል። ዩኤስቢውም ብዙ ጊዜ በጣቢያ ቁልፍ አይዘጋም። የማይፈልጉትን ጣቢያ ከመዝጋት ማጥፋት ይሻላል። የአገር ውስጥ ጣቢያ ብቻ ከበቃዎት ደግሞ ዲሽ ሠሪው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ኢትዮሳትን ብቻ እንዲተውልዎ፣ የናይልሳቱን ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ያለውን መቀበያ) እንዲያወልቅ ይንገሩት። የወለቀ ኤልኤንቢ ኮድ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ወጣቶቹ «መኃልየ መኃልይ ላይ ጡትና ከንፈር ይነሣ የለ፣ ፊልሙን ለምን ትኮንናላችሁ?» ይሉኛል። ምን ልመልስ? (የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ከሞላሌ)

መልስ፦ ጥያቄያቸውን አያጣጥሉት፣ ደህና ጥያቄ ነው። መጽሐፉንም ከልጅ ደብቀን አናውቅም። የብራና ዳዊት ሲገለጥ ከ151ዱ መዝሙር ቀጥሎ ጸሎተ ነቢያት፣ ከዚያ መኃልየ መኃልይ፣ ከዚያ ውዳሴ ማርያም ይገኛል። የአብነት ተማሪ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር ሲወጣው ይህንንም በግእዝ ያነበዋል፤ ገና በልጅነቱ፣ ትርጓሜው ሳይነገረው። ሙሽራው ክርስቶስ፣ ሙሽራይቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን የሚያትተውን አንድምታ የሚማረው ዓመታት ቆይቶ፣ መጻሕፍት ቤት ሲገባ ነው። በመሃሉ ዜማ አለ፣ ቅኔ አለ። ቃሉን በልጅነት ይሰጡታል፣ ምሥጢሩን ግን ጠይቆ የሚመልስለት መምህር ሲያገኝ።

ለወጣቶቹ ሊሉ የሚችሉት ይህንን ነው። ቃል አንባቢው በዕድሜው ልክ ይገባዋል። የሰርግ ዘፈኑና የአዝማሪው ግጥምም እንዲሁ ናቸው፣ ሕፃኑ ሰሙን ሰምቶ ይጨፍራል፣ ወርቁ የሚገባው ሲያድግ ነው። ካሜራ ግን ሰምና ወርቅ አያውቅም፤ ለ9 ዓመቱም ለ40 ዓመቱም ያንኑ ያንኑ ያሳያል፣ መምህርም አብሮት አይመጣም። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ክርክሩን ለማሸነፍ ብለው «ገላ ኃጢአት ነው» አይበሉ። መጽሐፉ ራሱ ውበትን ያመሰግናልና ወዲያው ይይዙዎታል።

ጥያቄ፦ ለ14 ዓመት ልጄ ስልክ ገዛሁ። ቤት ዋይፋይ አለን። ምን ምን ልዝጋ? (አባት፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ መጀመሪያ የልደት ቀኑን ይዩ። ስልክ ሻጩ ወይም የጎረቤት ልጅ ጂሜይል ሲከፍት ያገኘውን ዓመት ይሞላል፣ ልጅዎ ለጉግል የ30 ዓመት ሰው ሆኖ ይቀራል። ዩቲዩብ ለአዋቂ ብሎ የሚዘጋውን ያን ጊዜ ይከፍትለታል። ሴቲንግ፣ ጉግል፣ ከዚያ የግል መረጃ ውስጥ ገብተው ያስተካክሉ። ፕሌይ ስቶር ላይ «ፓረንታል ኮንትሮል»ን በራስዎ ፒን ያብሩ። ዩቲዩብ ላይ «ሪስትሪክትድ ሞድ» አለ፤ ግን ልጁ ራሱ ሊያጠፋው ይችላልና ብዙ አይተማመኑበት። ቲክቶክን «ፋሚሊ ፔሪንግ» በሚለው ከእርስዎ ስልክ ጋር ያያይዙት።

እኛ ዘንድ ትልቁ በር ቴሌግራም ነው። ፕራይቬሲ ውስጥ «ግሩፕስ» የሚለውን «ማይ ኮንታክትስ» ያድርጉት፤ የማያውቀው ሰው ግሩፕ ውስጥ ሊጨምረው አይችልም። ዳታ ውስጥ ገብተው በራሱ ማውረዱን ለሞባይል ዳታም ለዋይፋይም ያጥፉ፤ የተላከው ሁሉ ሳይነካ ስልኩ ላይ የሚወርደው በዚህ የተነሣ ነው።

ለዋይፋዩ፣ የራውተሩን አድራሻ ከሆዱ ሥር ካለው ወረቀት ላይ ያንብቡ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው)። ገብተው ዲኤንኤስ የሚለውን ቦታ ያግኙና አንደኛውን 1.1.1.3፣ ሁለተኛውን 1.0.0.3 ያድርጉ፤ የክላውድፍሌር የቤተሰብ ማጣሪያ ነው፣ አይከፈልበትም። ሴቭ አድርገው ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ። የብልግና ድረ ገጾች በአብዛኛው አይከፈቱም። ወሰኑን ግን ይወቁ፦ ማጣሪያው የድረ ገጽ ስም ነው የሚያየው፣ ቴሌግራም ውስጥ ለውስጥ የሚላከው አይታየውም። ቪፒኤን ያልፈዋል፣ የሞባይል ዳታም በራውተሩ በኩል አይመጣም። የራውተሩንም የይለፍ ቃል ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ከአንድ ተማሪ ስልክ ላይ የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ወሲባዊ ቪዲዮ ተገኘ። ማስረጃ እንዲሆን በመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ልልከው ነበር። (መምህር፣ ከአረርቲ)

መልስ፦ በፍጹም አይላኩት፣ ወደ ራስዎ ስልክም አያስተላልፉት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በግልጽ ወሲባዊ ድርጊት የሚታይበትን ምስል መሥራትን፣ ማስተላለፍንና ይዞ መገኘትን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። «ለማስረጃ ነው» ብለው ግሩፕ ላይ ከለቀቁት ቪዲዮው በየመምህሩ ስልክ ይወርዳል፣ እርስዎም አሰራጩ ይሆናሉ።

ስልኩን በተማሪው ፊት «ኤርፕሌን ሞድ» ላይ ያድርጉት። ቴሌግራም ላይ ላኪው ከራሱ ስልክ ሆኖ ለሁለቱም ወገን ማጥፋት ስለሚችል፣ ኔትወርክ እንዳለው ከቆየ ማስረጃው ሊጠፋ ይችላል። ቪዲዮውን ደግመው አይክፈቱ፣ አያጥፉም። ስልኩን በፖስታ አሽገው ቀኑን፣ ሰዓቱንና በቦታው የነበሩትን ጽፈው ከርእሰ መምህሩ ጋር ይፈርሙበት። ቪዲዮው ከየትኛው ቻናል ወይም ከማን እንደመጣ ተማሪው የሚለውን በተለየ ወረቀት ያስጽፉት፣ ከዚያ ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል ያስረክቡ። ልጅቷን ክፍል ውስጥ ወይም መምህራን ማረፊያ ጠርተው አይጠይቋት፤ አንዲት የምታምናት መምህርት ብቻዋን ታነጋግራት፣ ወላጆቿ ሲጠሩም መምህርቷ አብራት ትቀመጥ። ቻናሉን ለቴሌግራም ሪፖርት ማድረግ ይቻላል፤ ግን ፖሊስ ስሙንና ሊንኩን ከመዘገበ በኋላ ይሁን፣ ቀድሞ ከተዘጋ መርማሪው መነሻ ያጣል።